የኋለኛው ያሸንፋል

ዝላታ በሩን ስትከፍት ደጃፉ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ጢማም ነው። አንዷ መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ናት። ሦስተኛው በበሩ ለመግባት ጎንበስ ማለት የሚኖርበት ረጅም ወጣት ነው። ሴትየዋ አንድ ጥቅል የግድግዳ ወረቀት እንደ ሕፃን ታቅፋለች።

«ዜ. ህሩባ የሚባሉ ሰው ፈልገን ነበር» አለች ሴትየዋ። «አባትሽ ናቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች ዝላታ።

ጢማሙ ሰውዬ ከኋላዋ ሌላ ሰው ይወጣ እንደሆነ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ማንም አልወጣም።

«ስምንት ወር ሙሉ “እርስዎ” እያልኩ የጻፍኩልሽ አንቺ ነሽ?» አለ ጢማሙ።

«አዎ።»

«ባለፈው ሳምንት ኮዴን “አይረባም” ብለሽ የመለስሽልኝ?»

«አይረባም አላልኩም። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ያነባል ነው ያልኩት።»

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አሥራ አምስት። ማንም አልጠየቀኝም።»

ረጅሙ ወጣት ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጋሼ ሂኔክ፣ ጉድ ሆንክ! በልጅ ተበላህ!»

ከቤቱ ውስጥ የአያቷ ድምፅ መጣ። «እንግዶች በር ላይ አይቆሙም! ጫማቸውን ያውልቁና ይግቡ!»

የዚያ ቤት ሕግ አንድ ነው። የውጭ ጫማ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የቤት ጫማ ወደ ውጭ አይወጣም። አያቷ ሜቶዲ ከበሩ ጥግ አንድ ቅርጫት ሙሉ የቤት ጫማ ያስቀምጣሉ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ቀርቷቸዋል። ቀጭን ናቸው፤ ወገባቸው ግን አልጎበጠም። የእያንዳንዱን እንግዳ እግር እያዩ መርጠው ሰጡ። የረጅሙን ወጣት እግር ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ላንተ የሚሆን የለኝም፣ ልጄ። ላንተ ታንኳ ነው የሚያስፈልግህ።»

ወጣቱ ቲቦር ይባላል። በትንሽ ነጠላ ጫማ፣ ግማሽ ተረከዙ ወለሉን እየጠረገ ገባ።

ዝላታ በሩ ሥር የተደረደሩትን ጫማዎች ቆማ አየች። አንዱ ጥንድ ከፕሼሮቭ የመጣ ነው፤ አንዱ ከብርኖ፤ ትልቁ ጥንድ ድንበር ተሻግሮ ከዚሊና። እነዚህ ሰዎች ስምንት ወር ሙሉ ለእሷ ስክሪን ላይ ያሉ ፊደላት ነበሩ። እግር እንዳላቸው አስባ አታውቅም። እሷ በሁለት ቀን የማትጨርሰውን በአራት መስመር የሚጽፈው ቲቦር ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል።

የመጡት ለአንድ ሥራ ነው። ያን ጊዜ ስልክ ቁጥር፣ ቀጠሮና ማስታወሻ የሚያዝባት፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ የኪስ ኮምፒውተር ነበረች። በእሷ ላይ የተጻፈው ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይም እንዲገኝ፣ እዚያ የታረመው እሷም ላይ እንዲታረም ሁለቱን የሚያመሳስል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከመሣሪያዋ ጋር የሚመጣው ፕሮግራም ግን በአንድ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ሌላ ዓይነት ያለው ሰው የሚሆነው የለም። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ሊጽፉት ተነሡ። ኮዱ ክፍት ይሆናል። የፈለገ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ለጎረቤቱ ያድለዋል። እስካሁን ሁሉም በየቤቱ ቁራጭ ቁራጭ ሲጽፍ ቆይቷል። ቁራጮቹ አልገጥም ሲሉ መነጽር ያደረገችው ሴት፣ ያርሚላ፣ «አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እናቅደው» ብላ ለሁሉም ጻፈች። ዝላታ የአያቷ ቤት ሰፊ እንደሆነ መለሰች።

ቀኑ የበዓል ቀን ነው። በሞራቪያ በጺሪልና በሜቶዲ ቀን ሥራ የለም። ለአያቷ ደግሞ ስማቸውን የወረሱት ቅዱስ የሚከበርበት፣ የስማቸው ቀን ነው። ያርሚላ ይህን ከቀን መቁጠሪያ አይታ ኮላች የሚባለውን በፕለም የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ ጋግራ መጥታለች።

«የስም ቀንዎ ነው፣ አባባ። እንኳን አደረሰዎት።»

«የሁለት ሰው ቀን ነው» አሉ ሜቶዲ። «የወንድሜ ስም ጺሪል ነበር።»

ዳቦውን ተቀብለው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ።

* * *

ያርሚላ የሒሳብ አስተማሪ ናት። የግድግዳውን ወረቀት ገልብጣ፣ አበባ የሌለበትን ነጭ ጀርባውን ወደ ውጭ አድርጋ፣ ከመስኮቱ እስከ ምድጃው ድረስ በመርፌ ሰካችው። ሦስት ማርከር አወጣች። በሰማያዊ የኪሱን ኮምፒውተር ወረቀቱ ግራ ጫፍ ላይ ሣለች። በቀይ ቤት የሚቀመጠውን የጠረጴዛ ኮምፒውተር ቀኝ ጫፍ ላይ ሣለች። ጥቁሩን ያዘች።

«መካከሉ የእኛ ነው» አለች። «አሁን ባዶ ነው። ማታ ባዶ መሆን የለበትም።»

ተጀመረ። ሂኔክ አንድ ሳጥን ይስላል፤ ቲቦር ይሰርዘዋል፤ ያርሚላ የተሰረዘውን በሌላ ቦታ ትመልሰዋለች። ስልክ ቁጥሮች በዚህ በኩል ይሄዳሉ። ቀጠሮዎች በዚያ በኩል። ገመዱ በመሃል ቢነቀልስ? የተጀመረው እንዴት ይታወቃል? ሂኔክ ይጮኻል፤ ከዚያ ራሱ ይስቃል። ዝላታ መጀመሪያ ጥግ ይዛ ቆመች። ከዚያ አንድ ጊዜ ቀስ ብላ «እዚህ ጋ ይዞራል፤ ማለቂያ የለውም» አለች። ሦስቱም ዞር ብለው ወረቀቱን አዩ። ቲቦር ማርከሩን ሰጣት።

ትናንት የሌለ ነገር ግድግዳው ላይ እያደገ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ማንም በር ላይ ቆሞ አይጠብቃቸውም። እነዚህ ሰዎች በዓላቸውን ትተው፣ አውቶቡስ ቀይረው መጥተው፣ በማያውቁት ሰው ቤት በሰው ነጠላ ጫማ ቆመው፣ ፈጽሞ ለማያገኙት ሰው ማስታወሻ ይጨነቃሉ።

ቀትር ሲቃረብ በመካከሉ አንድ ቦታ ብቻ ክፍት ቀረ። አንዱ ማስታወሻ በሁለቱም ላይ ካለና ልዩነት ከተገኘ የትኛው ይቀመጥ?

«ይሄ አልቋል» አለ ቲቦር። «የዝላታ ስድስት መስመር ኮድ አለ። የኋለኛው ያሸንፋል። ሰዓቱን ታያለህ፣ በኋላ የተጻፈው ይቀራል፣ የፊተኛው ይሄዳል። ንጹሕ ነው።»

ንጹሕ። ይህንኑ ቃል ከሦስት ወር በፊት በኢሜይል ጽፎላት ነበር። ሃያ ጊዜ ሳታነበው አልቀረችም።

«ከምሳ በኋላ በጥቁር እጽፈዋለሁ» አለች ያርሚላ። «ከነስምሽ።»

ዝላታ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ፊቷ አልታዘዝ አላት።

የምታውቀውን እሷ ብቻ ናት የምታውቀው።

* * *

አያቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኦስኬሩሻ የሚባለውን ዛፍ ሲቆጥሩ ኖረዋል። ትንንሽ ፖም የመሰለ ፍሬ ያለው፣ በየኮረብታው ተበታትኖ የቀረ አሮጌ ዛፍ ነው። አርባ አንድ ያውቃሉ። የግንዱን ዙሪያ ይለካሉ፤ የትኛው እንዳበበ፣ የትኛው ቅርንጫፉ እንደደረቀ ይጽፋሉ። ድሮ በወረቀት ነበር። ባለፈው ዓመት የፍራፍሬ ማኅበሩ የኪስ ኮምፒውተር ሰጣቸው። ዝላታ የዱሮውን ሁሉ አስገባችላቸው።

«ወረቀቱን ይተዉት፣ አያቴ» ብላቸው ነበር። «ይኼ እኮ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። አይጠፋም።»

በግንቦት፣ አበባው በወጣ ጊዜ፣ ሜቶዲ ሦስት ቀን ዞሩ። የመጀመሪያው ዛፍ ሥር እንደደረሱ የመሣሪያዋ የባትሪ ድንጋይ አለቀ። ከእጅ ባትሪያቸው አውጥተው ቶሎ ቀየሩት። ማስታወሻው ተረፈ። የመሣሪያዋ ሰዓት ግን ወደ መጀመሪያ ቀኗ፣ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ። ሜቶዲ አላዩትም። ሰዓት ሲፈልጉ የሚያዩት የእጃቸውን ነው።

ሲመለሱ ዝላታ ስድስቱን መስመር ልትሞክር ቸኩላ ነበር። መሣሪያዋን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘች። ፕሮግራሙ ቀኖቹን አየ። የግንቦቱ ማስታወሻ ሁሉ የሰባት ዓመት አሮጌ መሰለው። ባለፈው መኸር የተጻፈው አዲስ መሰለው። የኋለኛው አሸነፈ፤ የግንቦቱ ተሰረዘ። አሥራ አንድ ሰከንድ ፈጀ። ስክሪኑ ላይ «ተመሳስሏል» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ እሷም አጨበጨበች።

በማግስቱ አያቷ መሣሪያዋን ከፍተው ብዙ ጊዜ መስኮቱ አጠገብ ቆሙ። «ግንቦት የለም» አሉ። «ሳልጽፍ ቀርቼ ይሆናል።»

ያን ጊዜ እሷም ምክንያቱን አላወቀችም። ያወቀችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ መዝግቦ የሚተወው ፋይል አለ። ከፍታ አነበበችው። አርባ አንድ መስመር ነው፤ በየመስመሩ አንድ የተሰረዘ ማስታወሻና የተጻፈበት ሰዓት አለ። አተመችው። አጥፋ የሒሳብ መጽሐፏ ውስጥ ከተተችው። ለማንም አልተናገረችም። እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር።

* * *

የድንች ሾርባ ከጠጡ በኋላ ሜቶዲ «እግራችሁን አፍታቱ» ብለው ሁሉንም ወደ ኮረብታው ይዘው ወጡ። ጫማ ተቀየረ። ቲቦር የራሱን ጫማ ሲያገኝ አምላኩን አመሰገነ።

ትልቁ ዛፍ ከኮረብታው ትከሻ ላይ ብቻውን ቆሟል። ሩቅ ሆነው ሲያዩት እንደማንኛውም ዛፍ ነው። ሥሩ ሲደርሱ ወሬ ቆመ። ቅርፊቱ እንደ ደረቀ የወንዝ አፈር ተሰነጣጥቋል። ቅርንጫፉ ላይ ሌላ ትልቅ ዛፍ የቆመ ይመስላል።

«እስቲ ያዙት» አሉ ሜቶዲ።

ሂኔክ፣ ያርሚላና ቲቦር እጅ ለእጅ ተያይዘው ግንዱን ከበቡት። አልገጠመም። ዝላታ ገባች። የያርሚላን እጅ በቀኝ፣ የቲቦርን በግራ ያዘች። ጉንጯ ቅርፊቱን ነካ። ከወዲያ በኩል የሂኔክ ትንፋሽ ይሰማታል፤ እሱን ግን አታየውም።

«ስንት ዓመቱ ነው፣ አባባ?» አለ ሂኔክ።

«ሦስት መቶ ይሉታል። አራትም ይሆናል።»

«ማን ተከለው?»

«ማን ያውቃል። ይህ ዛፍ ለተከለው ሰው ብዙ ፍሬ አይሰጥም፤ ሲያድግ ይዘገያል። የተከለው ሰው የሚበላውን አያውቀውም።» ወደ እነሱ ዞረው ጠየቁ። «እናንተንስ እዚያ ቤት ማን ነው የሚያሠራችሁ?»

«ማንም» አለች ያርሚላ።

«ለማን ነው የምትሠሩት?»

«ለማናውቀው ሰው።»

ሜቶዲ ወደ ቅርንጫፎቹ ቀና ብለው አዩ። «እንዲህ ከሆነ ገብቶኛል» አሉ።

ሲወርዱ ዝላታ ከኋላ ቀረት ብላ ትሄድ ነበር። አያቷና ሂኔክ ከፊቷ ናቸው። ሂኔክ የፕሼሮቭ ባቡር ጣቢያ አስተናባሪ ነው፤ ሥራው ማን መቼ እንደሚያልፍ መወሰን ነው። ከሽማግሌ ጋር ማውራት ይወዳል።

«በመኸር ፍሬውን ለማየት እመጣለሁ» አላቸው።

«ና። እኔ ግን አላሳይህም። ሰኞ ከማኅበሩ መጥተው የዛፎቹ መዝገብ ያለባቸውን ሣጥኖች ይወስዳሉ። ጨርሻለሁ።»

«ለምን? እንደ ፍየል ነው እኮ የወጡት። እኔ ነኝ ሳለከልክ የነበረው።»

«እግሬ ደኅና ነው። ራሴ ነው።» ሜቶዲ በጣታቸው ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። «በግንቦት እዚህ ዛፍ ሥር ቆሜ ስጽፍ ትዝ ይለኛል። ንብ እጄ ላይ አርፋ እንደነበረ እንኳ ትዝ ይለኛል። ቤት ገብቼ ሳይ ምንም አልጻፍኩም። አንዱንም። አርባ አንድ ጊዜ ጻፍኩ ብዬ አንድም አልጻፍኩም።»

ሂኔክ እርምጃውን ቀነሰ።

«ወንድሜም እንዲህ ነው የጀመረው። ያልሠራውን ሠራሁ ይል ነበር። መጨረሻ ላይ የገዛ ስሙ እንኳ ጠፋበት። በስሙ ቀን “ዛሬ የማን ቀን ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ያ ሳይደርስ ባስረክብ ይሻላል። የተሳሳተ ነገር ጽፌ ከምሄድ።»

ዝላታ ቆመች። ሳሩ ውስጥ አንድ ነገር እንደጠፋባት ሰው ወደ መሬት አየች። ስለ ሰኞ አልሰማችም ነበር። እስካሁን የጠፋው ማስታወሻ ብቻ ይመስላት ነበር።

* * *

ቤት ሲገቡ ጫማ ወለቀ፤ ነጠላ ጫማ ተደረገ። ሜቶዲ ወደ ጓሮው ወጥተው የዕቃ ቤቱን በር ከፈቱ። ያርሚላ የጥቁሩን ማርከር ክዳን ነቅላ ወደ ግድግዳው ቀረበች።

«በሉ እንግዲህ። የኋለኛው ያሸንፋል። ህሩባ በአንድ ኤስ ነው በሁለት?»

«ኤስ የለበትም» አለ ቲቦር። «ያርሚላ፣ አንቺ ደግሞ ሙድ መያዝ ትወጃለሽ።»

«ቆዩ» አለች ዝላታ።

የማርከሩ ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ ጣት ያህል ቀርቶት ቆመ።

«አይሠራም።»

«ምኑ?»

«የእኔ። ስድስቱ መስመር። አይሠራም። ሞክሬዋለሁ። የ… የአንድ ተጠቃሚ ማስታወሻ አጥፍቷል።»

ድምፅዋ ከሌላ ክፍል የመጣ መሰላት። ወደ ክፍሏ ሄዳ የሒሳብ መጽሐፏን አመጣች። የታጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሦስቱ ሰዎች ራሳቸውን አጋጥመው ጎንበስ አሉ።

ዝላታ ጠበቀች። «ልጅ ስለሆነች ነው» ይላሉ። ወይም ምንም ሳይሉ ወደሌላ ሳጥን ያልፋሉ፤ እሱ ይብሳል።

«አቦ!» አለ ቲቦር በሹክሹክታ። «ይሄን ተመልከቱ። ሰዓቱ ውሸት ነው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ግን አካሄዱ እውነት ነው። እዩት፣ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው አርባ ደቂቃ። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው አሥር። እዚህ ጋ ሁለት ሰዓት ምንም የለም፤ በልቶ ተኝቷል። እዚህ ደግሞ ሌሊት ነው። ሲነጋ እንደገና ጀመረ። ይሄ ሰው እየተራመደ ነው!»

ጣቱን ከመስመር ወደ መስመር አወረደ። ዝላታ ያንን ወረቀት መቶ ጊዜ አይታዋለች፤ ያየችው ጥፋቷን ብቻ ነበር። አሁን የሚራመደውን ሰው አየች። ኮረብታውን ሲወጣ፣ ሲያርፍ፣ ንብ እጁ ላይ ስታርፍ እንድትሄድ ሲጠብቅ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ አርባ አንድ ጊዜ ቆሟል። ውሸታሙ ሰዓት አንድ በአንድ ይዞታል።

ሂኔክ ጢሙን ያዘ። «ጀዝባ እኮ ነን!» አለ። «እኔ በተለይ። ሃያ ሁለት ዓመት ባቡር ሳሳልፍ ኖሬ በሰዓት አመንኩ።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለች ያርሚላ።

«ጣቢያ ላይ በግድግዳ ሰዓት ባቡር አይለቀቅም። ሰዓት ይቆማል፤ ይቀድማል። ለሚቀጥለው ጣቢያ እደውላለሁ። “ባቡር ልልክልህ ነው፤ ትቀበለኛለህ?” እላለሁ። “እቀበልሃለሁ” ይላል። እኔም እጽፋለሁ፣ እሱም ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ የምናየው መጨረሻ ከተስማማንበት ተነሥተን ነው። ስንት ሰዓት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ምን ላይ ተስማምተን ነበር ነው ጥያቄው።»

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

ቲቦር በሰማያዊውና በቀዩ መካከል ሦስተኛ ሳጥን ሣለ። ይህ ሁለቱ ባለፈው ጊዜ የተስማሙበት ቅጂ ነው። ፕሮግራሙ ያስቀምጠዋል። በኪሱ ኮምፒውተር ያለው ከዚህ ከተለየ፣ እዚያ አዲስ ነገር ተጽፏል ማለት ነው። የጠረጴዛው ኮምፒውተር ካልተለየ፣ በእሱ ላይ የተነካ የለም። ስለዚህ የኪሱ ይወሰዳል። ሰዓት የሚባል ነገር አይጠየቅም።

«ሁለቱም ከተለዩስ?» አለች ያርሚላ።

«ሁለቱም ይቀመጡና ባለቤቱ ይጠየቅ» አለች ዝላታ። ማሰብ እንኳ አላስፈለጋትም። «ፕሮግራሙ አይፍረድ። የባለቤቱ ነው።»

ያርሚላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ዞራ በጥቁር ጻፈችው። ዝላታ ማርከሩ ወረቀቱ ላይ ሲንጫጫ ሰማች። የእሷ ስድስት መስመር የለም። ማንም አላዘነለትም። እሷም አላዘነችም። በቦታው የቆመው ነገር ከአራቱም የሚበልጥ ነው፤ ደግሞ ያለ አራቱ አንዳቸውም አያገኙትም ነበር። ግንቦት ዳግም ቢመጣና ሰዓቱ እንደገና ቢዋሽ አርባ አንዱም ይተርፉ ነበር። በዓይኗ እየተከተለች ከሰማያዊው እስከ ቀዩ ሄደች። መንገዱ አልተቆረጠም።

መሸት ሲል ያርሚላ ወደ ወረቀቱ ግርጌ ጎንበስ አለች።

«አሁን ስም። ስህተት ያሳየን ሰው ስሙ ይጻፋል፤ ልማዳችን ነው። ዝላታ አንድ። ማስታወሻው የጠፋበት ተጠቃሚስ? ስሙ ማነው?»

ዝላታ ወደ ጓሮው መስኮት አየች።

«ሰውየው መጥፋቱን ያውቃል?» አለች ያርሚላ።

«ራሱ ሳይጽፍ የቀረ ይመስለዋል።»

በተከፈተው መስኮት ከጓሮው ድምፅ ይሰማል። ሣጥን መሬት ላይ ይጎተታል። ይቆማል። እንደገና ይጎተታል። ሂኔክ ወደ መስኮቱ አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ወረቀት አየ። የመስመሮቹን ቁጥር በጣቱ እስከ መጨረሻው ወርዶ አርባ አንድ ላይ ቆመ። ፊቱ ተለወጠ። አፉን ሲከፍት ያርሚላ እጅጌውን ያዝ አደረገችው። አፉን ዘጋ።

«አሁን አትጻፉት» አለች ዝላታ። «መጀመሪያ እኔ ልንገራቸው። ስማቸው ይጻፍ አይጻፍ እሳቸው ይወስኑ።»

ቲቦር ወረቀቱን እንደቀድሞው አጥፎ ሰጣት። ማንም አልተከተላትም።

ሜቶዲ የዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተንበርክከው ሦስተኛውን ሣጥን በገመድ ሲያስሩ ነበር። በሣጥኑ ክዳን ላይ በእጃቸው «ኦስኬሩሻ» ተብሎ ተጽፏል። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ቀና አላሉም። ጠጠሩ ላይ የቆመውን እግር አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ፊቷ አዩ።

«በቤት ጫማ?» አሉ።

ዝላታ ወደ እግሯ አላየችም። ደፉ ላይ ተቀመጠችና በመዳፏ አጠገቧን መታ መታ አደረገች።

«ገመዱን ይተዉትና እዚህ ይቀመጡ፣ አያቴ» አለች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። «ግንቦት ላይ ጽፈዋል። አርባ አንዱንም ጽፈዋል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ሜቶዲ ገመዱን ለቀቁ። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ።